ከተገለበጠው ጀልባ ስር

ሃውኪያርቪ፣ ፌብሩወሪ 9 ቀን 1986

ለመላው ዓለም ሕዝብ፣ በተለይም ለፖርቱጋል ነዋሪዎች፣ ይህ ታላቅ ዜና ይድረስ። የሃውኪያርቪ መንደር የቴአትር ማኅበር አዳራሽ የበር እጀታ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በያዘው ሰው እጅ ላይ እየቀረ ሲያሳፍረን የኖረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ተጠግኗል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም በቀላሉ መግባት አልቻለም፤ ሁላችንም በሩን በእርግጫ መክፈት ለምደን፣ እጀታ ማዞር ረስተናል።

አሁን ወደ ተራው ነገር ልለፍ። የልጅ ልጄ ኦውቲ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምትተክዪው የወረቀት ማሽን ይታዘዝልሽ፤ የምትበዪው ይስማማሽ፤ የምትዋኚበት ባሕር አይቀየምሽ። እኔ በረዶው እስከ መስኮቴ ወገብ ደርሶ ወደ ውስጥ ቢያየኝም ደህና ነኝ።

የዘንድሮው ተውኔት ተመርጧል። አዘጋጇ እንደ አምናው ሲልቪ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ ብትወጣም እኛን እንደ ሾርባ ማማሰሏን አልተወችም። የአማንዳ ሚና ላንቺ ደርሷል። አማንዳ ሰው በጀልባ የምታሻግር ቀዛፊ ናት፤ አንድ መንገደኛ መጥቶ አሻግሪኝ ይላታል፣ እሷ ደግሞ እውነቱን ካልነገርከኝ አላሻግርህም ትለዋለች። በበጋው አጋማሽ በዓላችን፣ በዮሐንስ ዋዜማ፣ ጁን 20 ቀን፣ ሐይቁ ዳር ይከፈታል።

ችግሩ ሕጋችን ነው። ከሦስት ልምምድ የቀረ ሰው ሚናውን ያጣል። የፖስታ ቤቷ ራይያ ወዲያው እጇን አወጣች፤ "ኦውቲ ፖርቱጋል ናት፣ እኔ ግን እዚህ አለሁ" አለች። (ራይያ፣ ይህን ፖስታ ማኅተም የምትመቺው አንቺ ስለሆንሽ፣ ወደ ብርሃን ይዘሽ እያነበብሽ ከሆነ ሰላም ብዬሻለሁ።) እኔም ተነሣሁና ጠየቅኩ።

"በዚህ መንደር በደቦ ድንች ሲለቀም የሚቆጠረው ሰው ነው ቤት?"

"ቤት" አሉ።

"ይህ ቴአትር የደቦ ሥራ ነው አይደለም?"

"ነው።"

"እንግዲያው ከኦውቲ ቤት እኔ አለሁ። እስክትመጣ በልምምዱ አማንዳን እሆናለሁ።"

ሲልቪ መነጽሯን አወለቀች። "ታቬቲ፣ አማንዳ እኮ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት።"

"እኔም ነበርኩ" አልኳት።

"ሴት?"

"ሃያ ሰባት ዓመት።"

ተስማሙ። በልምምድ ጊዜ ጽሑፉ በየሰዉ እጅ ስላለ ሹክ ባይ አያስፈልግም። ለመክፈቻው ቀን ግን፣ እንደ ሠላሳ አንዱ በጋዎች ሁሉ፣ ከመድረኩ ፊት በተገለበጠው ጀልባ ስር በሆዴ ተኝቼ፣ ቃል ለጠፋበት ሁሉ ሹክ እላለሁ። ያኔ አንቺ ከፊቴ መቆም አለብሽ።

መርከብ ያለበት ቴምብር ካገኘሽ ላኪልኝ።

አያትሽ ታቬቲ

———

ፖርቱጋል፣ ፌብሩወሪ 24 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ ሌላ የጎደለኝ የለም፤ ናፍቆቱንም ቢሆን በሰርዲን እያስታገስኩት ነው። እዚህ ዓሣውን ከነአጥንቱ በከሰል ጠብሰው፣ በእጃቸው ይበሉታል። እጄ እስከ ክርኔ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ማሽኑ ከቤተ ክርስቲያናችን እስከ ሐይቁ ድረስ ይረዝማል፤ ጠዋት ከአንድ ጫፉ ተነሥቼ ምሳ ላይ ሌላው ጫፍ እደርሳለሁ። ከሥራ መልስ ሸክላ ላይ መሳል እማራለሁ፤ እስካሁን የሳልኩት ወፍ ድንች ይመስላል። እሑድ እሑድ ከሰባ ዓመት አሮጊቶች ጋር ባሕር እዋኛለሁ። "ቀዝቃዛ ነው፣ ተጠንቀቂ" ሲሉኝ ሳቄ መጣ። አርባ ቃል ፖርቱጋልኛ አውቃለሁ፤ ሃያው የመፍቻና የብሎን ስም ነው።

በእኔ ቦታ መቆምዎን ስሰማ ብቻዬን ስቄ፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት። አባባ፣ እኔ ምን ነካኝ? ጉዞ ላይ ስሆን የዚያ ጀልባ የሬንጅ ሽታ ይመጣብኛል። መድረክ ላይ ስሆን ደግሞ ያላየሁት አገር ሁሉ ይጠራኛል። በአንዱም ቦታ ሙሉ የሆንኩ አይመስለኝም።

ቴምብሩ ይኸው። ለጁን በእርግጥ እመጣለሁ።

ኦውቲዎ

———

ሃውኪያርቪ፣ ማርች 8 ቀን 1986

የተከበርሽ የሰርዲን ወዳጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ሽታሽ ግን እዚያው ይቅር። ቴምብሩ ደርሷል፤ መርከቡ ጥሩ ነው፣ ቢሆንም ትንሽ ነው። ደብዳቤሽም እንደዚያው። የእጅ ጽሑፍሽ ዝናብ የመጣበት ጉንዳን ይመስላል። ከእንግዲህ በወፍራም ጥቁር ብዕር፣ ፊደሉን እንደ ሰው ጣት አሳድገሽ ጻፊ። ወረቀት የምታመርቱ ሰዎች ወረቀት ትቆጥባላችሁ?

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ለሱ ያለኝ ጀልባ ብቻ ነው። ከሱ ስር ሆኜ በጠርዙና በሳንቃው መካከል ባለው ክፍተት የማየው የሰው እግር ነው። ጫማ አይቼ ማን ቃሉን ሊረሳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚረሳ ሰው መጀመሪያ ተረከዙን ያነሣል። አንቺ በስምንት ዓመትሽ የጥንቸል ሚና ይዘሽ ስትወጪ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሁለቱም ተረከዝሽ ተነሥቶ ነበር። ሄዳ ሄዳ የምትኖር ልጅ ናት ያልኩት ያን ቀን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሲልቪ የላከችልሽ ጽሑፍ አለሽ አይደል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሴት ላይ ቅጂልኝ። አንቺ አማንዳን እንዴት እንደምትናገሪ ሳልሰማ እንዴት ልተካሽ? የመንገደኛውንም አንብቢ፤ ጥያቄ በሌለበት መልስ መስጠት የእብድ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ጽሑፍ ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ የሲልቪ የጽሕፈት መኪና ከሷ ጋር ጡረታ መውጣት ነበረበት።

አያትሽ

———

ፖርቱጋል፣ ማርች 27 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

ደህና ነዎት ወይ? ይኸው፣ ፊደሎቼ አድገዋል፤ እርስዎን ፈርተው ነው።

ካሴቱ ከዚህ ጋር አለ። ከሥራ ባልደረባዬ ከቱላ ጋር በምንኖርበት ክፍል እሑድ ከሰዓት ቀዳነው። መንገደኛውንም አማንዳንም እኔው ነኝ። የቀዘፋውን ድምፅ ቱላ ፈጠረችው፤ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ሞልታ በጫማ ማንኪያ ቀዘፈች፣ ልብሷ እስኪበሰብስ ድረስ። ጎረቤት ክፍል ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግድግዳውን ደበደበና "ሰምጣችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀን።

አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ምላሴ ይያዛል፤ አማንዳ "ማዶ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ምን አስቸኮለህ?" የምትልበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ቀዳሁት።

ሸክላ ላይ የሳልኩት ወፍ አሁን ድንች መሆኑ ቀርቶ ዳክዬ ሆኗል።

ኦውቲዎ

———

ሃውኪያርቪ፣ አፕሪል 15 ቀን 1986

ለድምፅሽ ባለቤት፣

ሰላም ለአንቺና ለዚያች በማንኪያ ለቀዘፈችው ልጅ ይሁን። ካሴቱን እያጠነጠንኩ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ ሳውና ገብቼ እንፋሎት ስሞቅ እንኳ በሩ አጠገብ አስቀምጬ። ከመላው ማኅበር ያለ ወረቀት የሚናገረው እኔ ብቻ ነኝ። ራይያ በቅናት ልትፈነዳ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ግን መንገደኛው ውኃ ውስጥ ወድቆ የሚወጣበት ቦታ ደረስን። መንገደኛው ኤይኖ ነው፤ ያ የወተት መኪና ሹፌር። ተንበርክኮ "እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሻግሪኝ" አለኝ። እኔም ሻሼን አስተካክዬ፣ ልክ እንዳንቺ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ፎጣውን እዚያው ወንበሩ ላይ ተዪልኝ፣ ስጨርስ እወስደዋለሁ" አልኩት።

ኤይኖ ወረቀቱን ገለበጠ። መልሶ ገለበጠ። "የትኛው ገጽ ላይ ነን?" አለ።

"ታቬቲ፣ የምን ፎጣ?" አለች ሲልቪ።

"ከውኃ የወጣ ሰው ፎጣ አያስፈልገውም?"

"'ተዪልኝ' ነው እኮ ያልከው! ኤይኖ መቼ ነው ሴት የሆነው?"

"እኔ በሆንኩበት ቀን" አልኳት።

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኤይኖ ከተንበረከከበት መነሣት አቃተው። ሲልቪ ብቻ አልሳቀችም፤ ሾርባ ሲያማስሉ የኖሩ ሰዎች ቀልድ አይገባቸውም። ወረቀቷን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችና "እስቲ ከዚህ አንብብልኝ" አለች። መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር አላነበብኩላትም።

በረዶው ከሐይቁ ዳር መላቀቅ ጀምሯል። ጀልባውን ሬንጅ እቀባዋለሁ።

አያትሽ

———

ፖርቱጋል፣ ሜይ 2 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? ያ ፎጣ እኮ የቱላ ነው! ቀዝፋ ቀዝፋ ረጥባ ፎጣ ይዛልኝ ስትመጣ ነው ያልኳት። ማጥፋት ረስቼው ነው። ለቱላ ባነበብኩላት ጊዜ ከአልጋዋ ወደቀች። ቆይ ግን አባባ፣ ጽሑፉ እጅዎ ላይ እያለ እንዴት አላስተዋሉትም?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እዚህ ያለነው ጨርሰናል። ተከላው ሊያልቅ ለተቃረበው የብራዚል ማሽን እኔን መርጠውኛል፤ ቡድኑ ጁን 16 ቀን ይነሣል። አባባ፣ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ፣ የተከልኩት ማሽን የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያወጣ አንድም ቀን አላየሁም። ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ወደሌላ ይልኩኛል። በዚህኛው ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ አሉኝ። ካርታውን ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ስማቸውን የማላውቃቸው ፍራፍሬዎች እንዳሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጁን 16 ከሄድኩ ግን ጁን 20 የለሁም።

ቃል ገብቼ ነበር። እርስዎ አይሆንም ካሉኝ እቀራለሁ፤ አይቀየሙኝም ካሉኝ እሄዳለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ። እስከ ሜይ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ።

ኦውቲዎ

———

ሃውኪያርቪ፣ ሜይ 24 ቀን 1986

ውድ ኦውቲ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምትጽፍልኝ ሲልቪ ናት፤ የእጄ አንጓ ታሞብኛል። ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ካለ የወጥ ቤቷ ነው።

ሂጂ። ራይያ ቃሉን አጥንታለች፣ ሻሹም ልኳ ነው። ለጥንቸል የተነሣ ተረከዝ ለብራዚል ይነሣ። እኔ ጀልባዬ ስር ነኝ፤ የማን እግር ከፊቴ ቢቆም ለእኔ ያው ነው። ስሙን የማታውቂውን ፍሬ ስትበዪ ፍሬውን ዋጪ፣ ዘሩን ትፊ።

አያትሽ ታቬቲ

*ኦውቲ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የሲልቪ ነው፤ እሱ እንጨት ሊፈልጥ ወጥቷል፣ ማለትም እንጨቱን እየዳበሰ ነው። የእጁ አንጓ ምንም አልሆነም። ዓይኑ ነው። ሐኪም ዘንድ በጃንዋሪ ሄዷል፤ እስከ መኸር ብርሃንና ጨለማ ከመለየት የተረፈ እንደማይኖረው ተነግሮታል። የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ካቆመ ሰነባብቷል። ካሴቱን ያስቀዳሽ ለዚያ ነበር፤ እኔም ያወቅኩት በፎጣው ነው። ደብዳቤዎችሽን ያነበበለት ማን እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ የፊተኞቹን ከፊደሉ ጋር እየታገለ ራሱ እንዳነበበ፣ የሜይውን ግን ራይያ እንዳነበበችለት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት መልስ ሳይጽፍ እንደቆየ ነገረኝ። "እንዳትነግሪያት፣ ትሂድ" ብሎ አስምሎኛል። መማሉን ምያለሁ። ግን ይህ በጋ አንቺን መድረክ ላይ ሊያይሽ የሚችልበት የመጨረሻው ነው፤ ያን ሳታውቂ ብትሄጂ ደግሞ ከመሐላዬ የባሰ ኃጢአት ይሆንብኛል። ውሳኔው ያንቺ ነው።*

———

ፖርቱጋል፣ ጁን 3 ቀን 1986

ለአባባ (ራይያ፣ እባክሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው)፣

ሰላምታዬን በቁጣ አቀርባለሁ። የእጅ አንጓ! ቢያንስ ከዚህ የተሻለ ውሸት ይገባኝ ነበር፤ እርስዎን በመሰለ ሰው እጅ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

ቱላ በጁን 16 በእኔ ቦታ ትሄዳለች። ቁልፉን እሷ ትጫነው፤ በማንኪያ ሳይቀር ቀዝፋለች፣ ይገባታል። አለቃችን ግንባሩን ቢያሽም እሺ ብሏል። እኔ ጁን 12 ቀን ሃውኪያርቪ እገባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እጫወታለሁ። ከሦስተኛው ጀምሮ አማንዳ ራይያ ናት፤ እኔ ብራዚል እሄዳለሁ። ራይያ ሆይ፣ የሚቆጠረው ቤት ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ቤት ሰው ነሽ።

እርስዎ ደግሞ ጀልባው ስር። ክርክር የለም።

ከመጀመሪያው ወረቀት የቀረሁት ለእርስዎ ብዬ ብቻ እንዳይመስልዎት። ያ ማዶ ስለሚጠብቅ ሰው የሚጠይቀው የአማንዳ ቃል እስካሁን ምላሴን ይይዘኛል፤ ለምን እንደሚይዘኝ አሁን ገባኝ፤ እኔ ማዶ የሚጠብቀኝ ሰው አለኝ።

ኦውቲዎ

———

ሃውኪያርቪ፣ ጁላይ 27 ቀን 1986

ለብራዚል ጌቶችና እመቤቶች፣ በመካከላቸውም ለተገኘችው ልጄ፣

ሰላምና ጤና፣ ጥሩ ጥላና ዘር የሌለው ፍሬ ለሁላችሁም። ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ሲልቪ ካርቶን ላይ አንድ የመስመር ቀዳዳ ቀድዳልኛለች፤ ቀዳዳውን እየተከተልኩ እጽፋለሁ፣ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታች እስበዋለሁ። ወረቀቱ ደግሞ አንቺ ከማሽንሽ ቆርጠሽ የላክሽልኝ ነው። እጄን ሳሳልፍበት እንደ ጥጃ ጆሮ ይለሰልሳል። የመጀመሪያው ሳይሆን የአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀት መሆኑን ጽፈሽልኛል። ለእኔ አሥራ አንደኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያ ነገር ሁልጊዜ ይሸበሸባል።

የመክፈቻውን ቀን አንቺ ከላይ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። እኔ ደግሞ ከስር ያለውን ልንገርሽ፤ ሁለታችን ካልተነጋገርን ግማሹ ይጠፋል።

ሕዝቡ ቋሊማውን ይዞ ሲቀመጥ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። ትንኞቹ እንደ ወትሮው ያለ ትኬት ገብተዋል። ሲልቪ ጽሑፉን ይዤ እንድገባ ብትለምነኝ፣ "ለማን ላነብለት ነው፣ ለጀልባው?" ብዬ ባዶ እጄን ገባሁ። እግሮች መጡ፤ ጥላ ጥላ ነበሩ፣ ግን አረማመዱን አውቀዋለሁ። ኤይኖ ግራ እግሩን ይጎትታል። አንቺ እንደ ድመት ነሽ።

ያ ቦታ ደረሰ። "እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሻግሪኝ" አለ ኤይኖ። ከዚያ ዝም። ሳንቃው ከፊቴ ሲጥ አለ፤ ተረከዝሽ ተነሣ ማለት ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ "ማዶ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ"። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ግን ትንፋሽሽ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት፣ ያንን ቃል ከነገርኩሽ እንደምታለቅሺም አወቅኩ። ሠላሳ አንድ በጋ ሙሉ ትክክለኛውን ቃል ብቻ ሹክ ያልኩ ሰው፣ በሠላሳ ሁለተኛው፣

"ፎጣውን እዚያው ወንበሩ ላይ ተዪልኝ" አልኩ።

ሳቅሽ ሳታስቢው አመለጠሽ። ያ የጥንቸሏ ሳቅ ነው። ሕዝቡም አብሮ ሳቀ፤ በተውኔቱ ያለ መሰላቸው። ወዲያው፣ ሳቁ ገና ከአፍሽ ሳያልቅ፣ "ማዶ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ምን አስቸኮለህ?" አልሽው። የኤይኖን ልብ ነክተሻል። የወተት መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲሄድ እስከ ዛሬ ያንን እንደሚያስብ ነግሮኛል።

ያኔ ነው ያጠፋሁት። ልይሽ ብዬ ጀልባውን በአናቴ ገፍቼ ከፍ አደረግኩት። ጀልባ በራሱ ሲነሣ ያየ ሕዝብ እንዴት እንዳጨበጨበ ሰምተሻል። ሲልቪ ከዛፉ ጀርባ "ታቬቲ፣ ውረድ!" ብላ ስትጮህም ሰምተሻል። እኔ ግን በዚያች ክፍተት አየሁሽ። በሐይቁ ላይ ያለው ፀሐይ ከጀርባሽ ነበር፤ ሰማያዊ ሻሽ አስረሽ፣ ፊትሽ ወደ ታች ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈርሽ ገና ሳቁን አልጨረሰም። ያንን አየሁ። ከዚያ ጀልባው ወገቤ ላይ ወደቀ፤ ይህም ደህና ነው።

አንዴ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በየትኛውም ቦታ ሙሉ የሆንኩ አይመስለኝም ብለሽ። ያኔ ያለኝ ጀልባ ብቻ ነው ብዬሽ ነበር። አሁን ትንሽ ጨምሬያለሁ። እኔ ሙሉ የበጋ ዕድሜዬን አንድ ቦታ ላይ ተኝቼ፣ ያየሁት እግር ብቻ ነው፤ ቢሆንም አልጎደለብኝም። አንቺ ደግሞ ከሩቅ መጥተሽ መድረኩ ላይ ሁለት ቀን ብቻ ቆመሽ ሄድሽ፤ ሁለቱ ቀናት ግን ሙሉ ነበሩ። ብራዚል ሆነሽ የኛን ጀልባ አታስቢ፤ ማሽንሽን አስቢ። እዚህ ስትመጪ ደግሞ ማሽኑን እዚያው ተዪው። ልክ እንደ ፎጣው።

ራይያ በሦስተኛው ቀን ጥሩ ሠራች። አንድም ቃል አልረሳችም፤ እኔ ግን ከጀልባው ስር እንቅልፍ ወስዶኝ አንኮራፋሁ፣ እሷም "ይህ የሐይቁ አውሬ ነው" ብላ አሳለፈችው። እውነተኛ ተዋናይ ናት። አሁን ደብዳቤዎችሽን እሷ ስታነብልኝ አንቺን አስመስላ ነው የምታነብልኝ፤ ከፖርቱጋልኛሽ በቀር።

የአዳራሹ በር እጀታ ትናንት ተመልሶ ወለቀ። ኤይኖ እጅ ላይ ቀረ። ሁላችንም ተደስተናል፤ ወደ እርግጫው ተመልሰናል።

ደብዳቤዬን ልጨርስ። አንድ ነገር ግን ሳልናዘዝ ብዘጋው ሌሊት አያስተኛኝም። ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱ የእኔ ፈጠራ ነው። ሳቅሽን ሰምቻለሁ፤ ፊትሽንም፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደሴት ቢሆንም፣ አይቻለሁ። ሻሹ ሰማያዊ ነው ያልኩት ግን ከራሴ ነው። ቀለሙ አልታየኝም። ሲልቪን ልጠይቃት እችል ነበር፣ አልጠየቅኳትም። አንቺም ምን ቀለም እንደነበር እንዳትጽፊልኝ። ለሚመጣው በጋ ግን ሰማያዊ ሻሽ አስሪና ነይ፤ ባላየውም ውሸታም ሆኜ አልቅር።

አያትሽ ታቬቲ